የፊልም ቅንጣት በብሉ ሬይ ላይ፦ ጉድለት ነው ወይስ የምስሉ አካል?

ጥያቄ፦ የአዳማ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። በልጅነቴ አዳማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ደጋግመን ካየናቸው ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ፕሬደተር» ነበር። ሰሞኑን አሁን በምኖርበት በሜሪላንድ ያገለገሉ ዲስኮች ከሚሸጥ ሱቅ የዚህን ፊልም ብሉ ሬይ በጥቂት ዶላር ገዛሁ፤ ያገኘሁት በ2008 የወጣውን እትም ነው። ቤቴ ወስጄ ስከፍተው በተለይ በሰማዩና በጫካው ጥላ ላይ እንደ ትንኝ መንጋ የሚርመሰመስ ነገር አየሁ። ዲስኩ የቆሸሸ መስሎኝ አውጥቼ ወለወልሁት፤ ገመዱንም ቀየርሁት፤ ምንም ለውጥ የለም።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ያንኑ ፊልም በ2010 በወጣው እትም አለው። እርሱ ዘንድ ሄጄ ስመለከተው ያ ሁሉ መርመስመስ ጠፍቷል፤ ምስሉም ታጥቦ የወጣ ይመስላል። «ያንተን ጣለውና ይህን ግዛ» አለኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ በላብ የተዘፈቁት ወታደሮች ፊታቸው ከሰም የተሠራ መስሎ ታየኝ። ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው ነው? ባለከፍተኛ ጥራት የተባለውስ ነገር ጥራቱ ምኑ ላይ ነው፣ ይህን የመሰለ ቅንጣት እንዳለ የሚተዉት ከሆነ?

መልስ፦ የፎቶ ቤት ሰው

ወንድሜ፣ ዲስክህም ቴሌቪዥንህም ጤነኞች ናቸው። ያየኸው ነገር ግሬይን ይባላል፤ የፊልሙ ቅንጣት ነው። እኔ በወጣትነቴ ፒያሳ አካባቢ በአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ ነገሩን ከዚያው ብነሣ ይቀልለኛል።

ፊልም ማለት በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚለወጡ የብር ውሕድ ፍሬዎችን የያዘ ስስ ላስቲክ ነው። መድኃኒቱ ውስጥ ሲታጠብ ብርሃን የነካቸው ፍሬዎች ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣሉ፤ ምስሉን የሚሠሩትም እነርሱ ናቸው። በቀለም ፊልም ብሩ በመጨረሻ ታጥቦ ይወጣና በየፍሬው ዙሪያ የተፈጠረው የቀለም ደመና ይቀራል። እንግዲህ ልብ በል፤ ቅንጣቱ በምስሉ ላይ የተቀመጠ አቧራ አይደለም። ምስሉ ራሱ ከቅንጣት የተሠራ ነው፤ ከቅንጣቱ በስተጀርባ ተደብቆ የሚገኝ ሌላ ንጹሕ ምስል የለም። አነስተኛ ብርሃን ላለበት ቦታ የሚያገለግለው ፈጣን ፊልም ፍሬዎቹ ተለቅ ስለሚሉ ቅንጣቱ ጎልቶ ይታያል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ የተቀረጸ ፊልም ቅንጣት ቢበዛበት የሚገርም አይሆንም።

በእኛ ቤት ሰው ይህን ቅንጣት የሚያየው ሐዘን ሲደርስበት ነበር። ጉርድ ፎቶ ላይ ቅንጣት ማን ያያል? ሰውየው ሲያርፍ ግን ቤተሰቡ ያንኑ ኔጋቲቭ ይዞ ይመጣና «ትልቅ አድርጉልን» ይላል፤ ስናሳድገው ጉንጩና ግንባሩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንድ ጊዜ ሪታች የሚያደርገው ባልደረባችን ደንበኛን ደስ ለማሰኘት ብሎ የአንዲትን እናት ፎቶ በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ሲያለሰልስ ዋለ። ቅንጣቱ በእርግጥ ጠፋ፤ ከእርሱ ጋር ግን የአንገታቸው ንቅሳትና በዓይናቸው ጥግ የነበረው ሽብሽብታ አብረው ጠፉ። ልጃቸው ፎቶውን ለአፍታ አየችና «እኚህ እናቴ አይደሉም» ብላ መለሰችልን። እንደገና ያለ ሪታች አጥበን ሰጠናት፤ እሱን ይዛ ሄደች።

የጓደኛህ እትም የዚያ ባልደረባችንን ሥራ በኮምፒዩተር የሠራ ነው። ኮምፒዩተሩ የቆዳን ቀዳዳ፣ የላብን ጠብታና የቅጠልን ጠርዝ ከቅንጣት አጥርቶ መለየት ስለማይችል ሁሉንም በአንድነት ይጠርጋቸዋል።

መልስ፦ ቅንብር ክፍል

ጋሼ የጻፉት መሠረቱን አስጨብጧል፤ እኔ የቪዲዮ ቅንብር ሠራተኛ ስለሆንሁ ስለ ማመቁ፣ ማለትም ቪዲዮው ብዙ ቦታ እንዳይፈጅ መጠኑን ስለ ማሳነሱ ጉዳይ ትንሽ ልጨምር። ብዙ ሰው «ድሮ በዲቪዲ ሳየው ይህ ነገር አልነበረም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ዲቪዲ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 720 በ576 ፒክስል ብቻ ስለሚይዝ ቅንጣቱን የሚያሳይበት ቦታ አልነበረውም። ብሉ ሬይ 1920 በ1080 ነው፤ በፒክስል ብዛት አምስት እጥፍ ይሆናል። ባለ 4ኬው ዲስክ ደግሞ ከዚህ በአራት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ቅንጣቱ መታየቱ ዲስኩ ከኔጋቲቩ የተረፈውን ዝርዝር ሳይደብቅ እያቀረበ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ችግሩ ቅንጣት ለማመቂያ ሥርዓቶች ሁሉ ጠላት መሆኑ ነው። ማመቂያው ቦታ የሚቆጥበው በአንዱ ፍሬም (በአንዱ ቋሚ ምስል) እና በሚቀጥለው መካከል ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ ባለመጻፍ ነው፤ ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ «እንደ ቀድሞው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቅንጣት ግን በሰከንድ 24 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፤ የአንዱ ፍሬም አቀማመጥ ስለ ሚቀጥለው ምንም አይነግርም። ብሉ ሬይ ለምስሉ ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት ስለሚፈቅድ ሊሸከመው ይችላል። በኢንተርኔት የሚተላለፈው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ስለሚላክ ቅንጣቱ ተሰባብሮ በጨለማው ክፍል ላይ የሚንቀጠቀጡ አራት ማዕዘኖች ይሆናል። ሰዎች ቅንጣትን ጠላን ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የጠሉት ይህንን ፍርስራሽ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 የተባለው ኮዴክ (የማመቂያ ሥርዓት) ለዚህ መላ አለው፤ ቅንጣቱን መጀመሪያ ይጠርግና ባሕርይውን ብቻ በጥቂት ቁጥሮች ይልካል፤ ተመልካቹ ቤት ያለው መሣሪያ ተመሳሳይ ቅንጣት ፈጥሮ ይመልሰዋል። ዘዴው ብልሃት ያለው ቢሆንም የሚታየው ቅንጣት ከፊልሙ ላይ የነበረው ራሱ አይደለም፤ ዲስክ የሚሰበስብ ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የአዳማ ልጅ፣ አንድ ነገር ፈትሽ። ቴሌቪዥንህ ላይ ሻርፕነስ የሚለው ከፍ ብሎ ከሆነ የእያንዳንዱን ቅንጣት ጠርዝ እያጎላ አሸዋውን ጠጠር ያደርገዋል። ዝቅ አድርገው፤ ቅንጣትን እንደ ጉድለት ቆጥሮ የሚጠርገውን ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውንም አጥፋው። ፊልምሜከር ሞድ የሚል ምርጫ ካለው እርሱ ብቻውን ይህንን ያደርግልሃል።

መልስ፦ ተቃዋሚው

እኔ በዚህ ስምምነት ውስጥ አልገባም። ሁላችሁም ቅንጣትን የዳይሬክተሩ ፈቃድ አድርጋችሁ ትናገራላችሁ፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የብርሃን እጥረትና በዘመኑ ይገኝ የነበረው ፊልም ያመጣው ግዴታ ነው። ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1986 የሠራውን «ኤሊየንስ» በ2010 ለብሉ ሬይ ሲያዘጋጅ ቅንጣቱ እንዲቀነስ ያደረገው ራሱ ነው። የሥራው ባለቤት «ይህ ከመጀመሪያም አልተመቸኝም» ካለ እኛ ማን ሆነን ነው የምንከራከርለት? በሌላ በኩል ደግሞ የዚያ ዘመን ሠራተኞች ፊልማቸው በአዳራሽ የሚታየው ከኔጋቲቩ በተባዛ ቅጂ፣ ለስለስ ብሎ እንደሆነ ያውቁ ነበር። አሁን ኔጋቲቩን በ4ኬ ስካን አድርጎ እያንዳንዷን ፍሬ መቁጠር እነርሱ ያላሰቡትን ማሳየት ነው።

መልስ፦ ቅንብር ክፍል

የካሜሮን ነገር እውነት ነው፤ በ2010 የተሠራው ሥራም በአብዛኛው በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ነገር ግን የዚያው ፊልም ባለ 4ኬ እትም በ2024 ሲወጣ፣ ያውም የባለቤቱ ይሁንታ እያለው፣ ፊት ሁሉ ተወልውሏል፣ ፀጉር ሁሉ ተስሏል የሚል ትልቅ ሙግት አስነሥቷል። የባለቤቱ ፈቃድ ማን ይህን ማድረግ እንደሚችል ይወስናል እንጂ የተደረገው መልካም መሆኑን አያረጋግጥም።

በአንድ ነገር ግን ከተቃዋሚው ጋር እስማማለሁ፤ ቅንጣት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በድሮው አሠራር አንዱ ትዕይንት እየደበዘዘ ሌላው በላዩ የሚመጣበት ዲዞልቭ የሚሠራው ሁለቱን ትዕይንቶች በሌላ ፊልም ላይ በድጋሚ በማንሣት ነበር፤ በጽሑፍ የሚጀምሩትም ክፍሎች እንዲሁ ናቸው። እዚያ ላይ የሚታየው የካሜራው ፊልም ቅንጣትና የማባዣው ፊልም ቅንጣት ተደራርበው ነው። ያንን ትርፍ በልኩ ዝቅ አድርጎ ከአካባቢው ትዕይንት ጋር ማስማማት ተገቢ ሥራ ነው፤ ጥሩ የእድሳት ባለሙያዎችም ያደርጉታል። የማልቀበለው ሙሉውን ፊልም ዐይን ጨፍኖ በአንድ ወንፊት ማሳለፍን ነው።

ቅንጣት ግዴታ ብቻ ነበር ለሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን «ዱን» ተመልከቱ። በዲጂታል ካሜራ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ የፊልም መልክ እንዲያገኝ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ታትሞ እንደገና ስካን ተደርጓል። ገንዘብ ከፍለው የገዙትን ነገር ቆሻሻ ነው ማለት ያስቸግራል።

መልስ፦ የፎቶ ቤት ሰው

ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ፍሬም የቆዳ ስፋቱ ከ35ቱ ሩብ እንኳ ስለማይሞላ ያንኑ ስክሪን ለመሙላት እጅግ መለጠጥ አለበት፤ ቅንጣቱም አብሮ ያድጋል። በዚያ ፊልም ውስጥ የታረሰው መሬት፣ የገበሬው ጋቢና ፊቱ በአንድ ዓይነት ሸካራነት ተያይዘው ይታያሉ። ያንን አለስልሶ የሚያወጣ ሰው ቢመጣ ማሳውን ምንጣፍ ያደርገዋል። እድሳት ማለት ጭረቱን፣ አቧራውንና የተንቀጠቀጠውን ማስተካከል ነው፤ እነዚህ በኋላ የመጡ እንግዶች ናቸውና ቢሸኙ አልከፋም።

መልስ፦ የአዳማ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የቴሌቪዥኑን ሻርፕነስ ከ60 ወደ 0 አወረድሁት፤ ኖይዝ ሪዳክሽኑንም አጠፋሁት። ጋሼ እንዳሉት ቅንጣቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ትንኙ ሄዶ የሚተነፍስ የሚመስል ስስ ነገር ቀረ። ጓደኛዬ ዲስኩን ይዞ መጥቶ አንዱን ትዕይንት በሁለቱም እትሞች እያፈራረቅን አየን። የወታደሩ አገጭ ላይ የሚወርደው ላብ በእኔ እትም ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቆጠራል፤ በእርሱ እትም የሚያብረቀርቅ አንድ ቅብ ነው። እርሱ ግን «ቢሆንም የኔው ይሻለኛል፤ ዓይኔ አርፎ ያያል» ብሎ በሐሳቡ ጸንቷል፤ አልተከራከርሁትም።

እህቴ ቅንብር ክፍል፣ ስለ ዲዞልቩ ያልሽውን ከዚያ በኋላ በሌላ የቆየ ፊልም ላይ ፈለግሁት። ትዕይንቱ መቀየር ሊጀምር አንድ ሰከንድ ሲቀረው ምስሉ በድንገት ሸከር ይላል፤ ከዚያ አዲሱ ትዕይንት ሲደላደል ተመልሶ ይጠራል። አሁን እንዳላየው ብፈልግም አልችልም፤ ባለቤቴንም አሳይቻት ተቆጥታኛለች።