አስቸኳይ፦ አድራሻ ቀይሬ ትምህርቴ ሊቋረጥ ነው፣ ነርሲንግ የምታውቁ ድረሱልኝ

ግራ የገባት
ሰላም ለዚህ ቤት። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ። ልንዛወር ስለሆነ ትናንት ማታ የትምህርት ቤቴ ፖርታል ላይ አድራሻዬን ቀየርኩ። ዛሬ ጠዋት ኢሜይል መጣ። «ፕሮግራሙ በአዲሱ ስቴትሽ የሙያ ፈቃድ መስፈርት ማሟላቱ አልተረጋገጠም፤ የተያያዘውን ቅጽ እስከ ዓርብ 5 ሰዓት ፈርመሽ ካልመለስሽ ለሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ አትችይም» ይላል። ምዝገባዬ ተቆልፏል። አድቫይዘሬ ስልክ አታነሳም። ቅዳሜ ጠዋት ዩሃሉ (የዕቃ መኪናው) ይመጣል፣ ምጣዱ እንኳን ታሽጓል። ልፈርም ወይስ ልተወው? ሁለት ዓመት ተኩል የለፋሁበት ነው። እባካችሁ ቶሎ።

ሳምሪ አርኤን
አይዞሽ እህቴ። ግን ከየት ወደ የት ነው? የምትማሪውስ ኤልፒኤን (ከአርኤን በታች ያለው ነርስ) ነው፣ አርኤን (ሙሉ ነርስ) ነው፣ ወይስ አርኤን ሆነሽ ቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር) እየጨረስሽ ነው? እሱን ሳናውቅ የምንሰጥሽ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

የቴክሳስ ልጅ
ኮምፓክት ላይሰንስ (የተስማሙት ስቴቶች ሁሉ የሚቀበሉትን ፈቃድ) አውጪ፣ አለቀ። እኔ በአንድ ላይሰንስ ቴክሳስም ኮሎራዶም ሠርቻለሁ።

ቡና ጠጪ
ዓርብ 5 ሰዓት በሀበሻ ነው በፈረንጅ? በሀበሻ ከሆነ ስድስት ሰዓት ተቀንሶብሻል።

ጋሽ መርማሪ
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል። በዚህ አገር የሙያ ፈቃድ በአብዛኛው የስቴቶች እንጂ የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1889 ዴንት በተባለ ሐኪምና በዌስት ቨርጂኒያ መካከል በነበረው ክርክር ስቴቶች ማን ሐኪም መሆን እንደሚችል የመወሰን ሥልጣን አላቸው ብሎ ፈርዷል። ለነርሶች የመጀመሪያውን የምዝገባ ሕግ ያወጣችው ደግሞ ኖርዝ ካሮላይና ናት፣ በ1903። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ስቴት በየፊናው ፈቃድ የሚሰጥ የራሱን ቦርድ አቋቋመ። ለጠበቃ የራሱ፣ ለመምህር የራሱ፣ ለፀጉር ሠሪ እንኳን የራሱ። ስለዚህ «አሜሪካ» የሚባል ላይሰንስ የለም። ይህንን ሐሳብ ስንመረምር ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ...

ቡና ጠጪ
ጋሼ፣ ልጅቷ ቤቷ እየተቃጠለባት እርስዎ የእሳትን ታሪክ ይነግሯታል?

ጋሽ መርማሪ
የእሳቱን መነሻ ያላወቀ አያጠፋውም። ሁለተኛውን ማታ እመለስበታለሁ።

ግራ የገባት
ይቅርታ፣ መጻፍ ነበረብኝ። ከቨርጂኒያ ወደ ላስ ቬጋስ ነው። ባለቤቴ እዚያ ሥራ አግኝቶ ቤት ተከራይቷል። እኔ ገና ላይሰንስ የለኝም፣ የምሠራው በሲኤንኤ (በነርስ ረዳትነት) ነው። አርኤን ለመሆን የሚያበቃው የመጀመሪያው ዲግሪ ላይ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ያለው ቨርጂኒያ ነው። ቲዎሪው ኦንላይን ነው፣ ክሊኒካሉ (የተግባር ልምምዱ) ሆስፒታል ነው። ሁለት ሴሚስተር ይቀረኛል፣ ሁለቱም ክሊኒካል አላቸው። አድቫይዘሯ ባለፈው «ኦንላይን ስለሆነ የትም ሆነሽ መጨረስ ትችያለሽ» ብላኝ ነበር።

ቀጥተኛው
ይቅርታ አድርጊልኝና ጥፋቱ ያንቺ ነው። ማን አድራሻ ቀይሪ አለሽ? የዘመድ አድራሻ መልሰሽ አስገቢ፣ ዝም ብለሽ ተማሪ። ደግሞ የነርስ ፈቃድ ፈተናው፣ ኤንክሌክስ፣ በመላው አሜሪካ አንድ ነው። ኤንክሌክስ ካለፍሽ የት እንደተማርሽ ማን ይጠይቅሻል? ትምህርት ቤቱ እያስፈራራሽ ነው።

ሳምሪ አርኤን
ቀጥተኛው፣ ግማሹ ልክ ነህ፣ ግማሹ ሰው ገደል ይከታል። ፈተናው አዎ አንድ ነው። ፈተናውን ለሚሰጠው ለፒርሰን ቪዩ 200 ዶላር ትከፍላለህ፣ የፈተና ማዕከሉም የትኛውም ስቴት ሊሆን ይችላል። ግን ለመፈተን መጀመሪያ የአንድ ስቴት ቦርድ «ትፈተን» ብሎ መፍቀድ አለበት። ቦርዱ ደግሞ የሚያየው የተማርክበትን ፕሮግራምና ክሊኒካልህን ነው። «የት ተማርሽ» የሚለው ጥያቄ ከፈተናው በፊት ይመጣል።

የውሸት አድራሻውን ተዪው። ኔቫዳ እየኖርሽ ቨርጂኒያ ነኝ ብለሽ ፈርመሽ፣ በኋላ ቦርድ ፊት ስትቀርቢ ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው የሚሆነው። አሻራ ይወስዳሉ፣ ያለፈ ታሪክሽን ያያሉ። ነርስነት በውሸት ሰነድ አይጀመርም።

የቴክሳስ ልጅ
ኮምፓክቱን ግን አስቢበት።

የመዝገብ ቤቷ
ኮሌጅ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ (የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ ይቅር)። እንደዚህ ዓይነት ኢሜይል ራሴ እልካለሁ፣ ስለዚህ ከላኪው ወገን ልንገርሽ።

ትምህርት ቤቱ አንቺን ለማስፈራራት አይደለም የላከው። ከጁላይ 1፣ 2020 ጀምሮ ወደ ሙያ ፈቃድ የሚያደርስ ፕሮግራም ያለውና የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ፕሮግራሙ በየትኛው ስቴት መስፈርት እንደሚያሟላ ለተማሪ የማሳወቅ የፌዴራል ግዴታ አለበት። ከጁላይ 1፣ 2024 ወዲህ ደግሞ ጠበቅ ብሏል። የፌዴራል እርዳታና ብድር የሚቀበል ኮሌጅ፣ ተማሪው *ሲመዘገብ* ባለበት ስቴት ፕሮግራሙ መስፈርቱን ማሟላት አለበት። «ሲመዘገብ» የምትለዋን ቃል ልብ በይ። አንቺ ስትመዘገቢ ቨርጂኒያ ነበርሽ። መሀል ላይ ስለተዛወርሽ ያ ደንብ ብቻውን ከትምህርት አያስወጣሽም። ኮሌጁ ግን የራሱ ፖሊሲ ሊኖረው ይችላል፣ ምዝገባሽን የቆለፈውም እሱ ይመስለኛል።

አሁን ቅጹን ክፈቺና ከፊርማው በላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ጻፊልን። የምትፈርሚው «ተረድቻለሁ» ለሚል ነው ወይስ «ልሠራ ያሰብኩት እዚህ ስቴት ነው» ለሚል? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ግራ የገባት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔ እህት። ሁለት ሳጥን አለው። አንዱ «ፕሮግራሙ በኔቫዳ ወደ ፈቃድ ላያደርሰኝ እንደሚችል ተረድቻለሁ፣ መቀጠል እፈልጋለሁ» ይላል። ሌላው «ትምህርቴን ስጨርስ ልሠራ ያሰብኩት በሚከተለው ስቴት ነው» ይልና ባዶ መስመር አለው።

አካውንታንቱ
በመሀል ይቅርታ። እኔ ኦሃዮ አካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ለሲፒኤ (ለአካውንታንት ፈቃድ) 150 ክሬዲት የሚሉት ነገር በየስቴቱ ይለያያል ወይ?

ቡና ጠጪ
ወንድሜ፣ ለቅሶ ቤት ገብተህ ዋጋ አትጠይቅ።

የመዝገብ ቤቷ
አካውንታንቱ፣ ባጭሩ፦ ለረጅም ጊዜ ሁሉም ጋ ማለት ይቻላል 150 ነበር። አሁን ስቴቶች መላላት ጀምረዋል። ኦሃዮ ራሷ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ በባችለር ዲግሪና በሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚሄድ መንገድ ከፍታለች። ፈተናውማ አይቀርም። የራስህን ጥያቄ ለብቻው ክፈት።

ግራ የገባት፣ ሁለተኛው ሳጥን የመጣው ከዚያው ደንብ ነው። ተማሪው ባለበት ስቴት ፕሮግራሙ ባያሟላም፣ በሚያሟላበት ስቴት ለመሥራት ማሰቡን በጽሑፍ ካረጋገጠ ኮሌጁ ሊቀበለው ይችላል። ስለዚህ በእውነት መጀመሪያ ቨርጂኒያ ላይሰንስ ለማውጣት ካሰብሽ «ቨርጂኒያ» ብሎ መጻፍ ውሸት አይደለም። ካላሰብሽ ግን አትጻፊ። የመጀመሪያው ሳጥን ምንም አያሳጣሽም፣ ምንም አያስገኝልሽም። «ነግረናት ነበር» ለማለት ነው የሚያስፈርሙሽ።

ትልቁ ችግርሽ ግን ወረቀቱ አይደለም፣ ክሊኒካሉ ነው።

ላስ ቬጋስ ሰፈር
እኔም እሱን ልል ነበር። ቬጋስ ነርስ ነኝ፣ ሜሪላንድ ነው የተማርኩት። «ኦንላይን ስለሆነ የትም ሆነሽ» ያለችሽ ሴትዮ ስለ ቲዎሪው ከሆነ ልክ ናት። ክሊኒካል ግን በአካል ነው። የሌላ ስቴት ትምህርት ቤት እዚህ ሆስፒታል ተማሪ ለማስገባት ከሆስፒታሉ ጋር ውል ሊኖረው ይገባል። የስቴቱ ቦርድም ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። አስተማሪዋ እዚህ ላይሰንስ ያላት መሆን አለባት ሊባልም ይችላል። አንዲት የምናውቃት ልጅ ቲዎሪውን አንደኛ ወጥታ ጨርሳ፣ ክሊኒካል የሚቀበላት ጠፍቶ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠች። ሌሊት ሌሊት ካዚኖ ትሠራ ነበር፣ ዩኒፎርሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ከነመጠቅለያው ተሰቅሎ።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ በስልክ ሳይሆን በኢሜይል ጻፊ፦ «ኔቫዳ ውስጥ ክሊኒካል ልታስመድቡኝ ትችላላችሁ? አዎ ወይም አይ በሉኝ»። ለኔቫዳ ነርሲንግ ቦርድም በዚያው ቀን ጻፊ፦ «ከዚህ ቨርጂኒያ ትምህርት ቤት ብመረቅ ታስፈትኑኛላችሁ?» ትምህርት ቤቱ «አልተረጋገጠም» ሲል አንዳንዴ ማንም ስላልጠየቀ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቃል የቦርዱ ነው።

የቴክሳስ ልጅ
ሰዎች ኮምፓክት እያለ ለምን ታወሳስቡታላችሁ?

ሳምሪ አርኤን
የቴክሳስ ልጅ፣ በእመቤቴ! ኮምፓክት ላይሰንስ ላለው ሰው ነው፣ እሷ ገና ተማሪ ናት። ሲቀጥል ኔቫዳ ኮምፓክት ውስጥ የለችም። ከ40 በላይ ስቴቶች ገብተዋል፣ ኔቫዳ፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ግን አልገቡም። እዚሁ ሰፈራችንን እዩት፦ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ውስጥ ናቸው፣ ዲሲ የለችም። አሌክሳንድሪያ የምትኖር ነርስ ሜሪላንድ በአንድ ላይሰንስ ትሠራለች። ድልድይ ተሻግራ ዲሲ ለመሥራት ግን ሌላ ማውጣት አለባት።

ቀጥተኛው
ይሄ አገር ነው የገበሬ ማኅበር?

ከባሕር ዳር
እዚህም እኮ ክልል ስትቀይሪ መሸኛ ካልያዝሽ አይሆንም። ለአሜሪካ የቀናን እኛ ነን።

ላስ ቬጋስ ሰፈር
ሃሃ፣ መሸኛ አልክ? ትክክል ነህ። እኔ ከሜሪላንድ ስመጣ ያደረግኩት እሱን ነው። ላይሰንስ ይዘሽ ስትዛወሪ ኢንዶርስመንት ይሉታል፣ ፈተና አትደግሚም። ነርሲስ (Nursys) የሚባል ድረገጽ አለ፤ የድሮው ስቴትሽ «አዎ የኛ ናት፣ ክስ የለባትም» ብሎ ለአዲሱ ያሳውቃል። ቁጭ የቀበሌ መሸኛ፣ ማኅተሙ ብቻ ነው የቀረው።

ለዚህ ነው ግራ የገባትን እንዲህ የምላት፦ ከቻልሽ ክሊኒካልሽን ቨርጂኒያ ጨርሺ፣ እዚያው ተፈተኚ፣ ላይሰንስሽን ይዘሽ በመሸኛ ነይ። ባልሽ ይቅደም። ሁለት ሴሚስተር ነው።

ግራ የገባት
እናንተ ትቀልዳላችሁ፣ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ። ቤቱን ለቀናል፣ ቅዳሜ ቁልፍ እናስረክባለን። እህቴ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ አንድ ክፍል አላት። ግን ልጁን ማን ይይዝልኛል? እዚያው ቬጋስ ትምህርት ቤት ብቀይርስ?

ሳምሪ አርኤን
የነርሲንግ ኮርስ ክሬዲት እንደ ሒሳብና እንግሊዝኛ በቀላሉ አይዛወርም። ብዙ ትምህርት ቤት «ከኛ ጋር ጀምሪ» ነው የሚልሽ። ሁለት ሴሚስተር ቀርቶሽ ወደ ኋላ አትመለሺ። ልጁ ከአባቱ ጋር ይሂድና አያቱ ትምጣ፣ ወይ ልጁ ካንቺ ጋር ውድብሪጅ ይሁን። እኔ መንታ አዝዬ ነው ኤንክሌክስ የተፈተንኩት።

ቡና ጠጪ
አዝለሽ አስገቡሽ? ፒርሰን ቪዩ ሰዓት እንኳን ያስወልቃል።

ሳምሪ አርኤን
በሆዴ ነበሩ፣ ቀልደኛ።

ጋሽ መርማሪ
እንደ ቃሌ ተመልሻለሁ። ሁለተኛ፦ ስቴቶች የሚለያዩት በፈተና ብቻ አይደለም። ኒውዮርክ ለነርስ የኢንፌክሽን ቁጥጥርና የሕፃናት ጥቃት መለየት ሥልጠና ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌለው በአይቲን (በግብር ከፋይ) ቁጥር ፈቃድ ትሰጣለች፣ የኮምፓክት ላይሰንስ ግን ያለ ሶሻል አይገኝም። ሕግ ተምሮ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ጥብቅና የተፈተነ ልጅ ውጤቱን ወደ ብዙ ስቴት ይወስዳል፣ ቨርጂኒያ ግን የራሷን ፈተና ነው የምትፈትነው። ልጄ፣ አንቺን የሚመለከትሽ ሦስተኛው ነው፦ አሁን ፖርታሉ ላይ ያስገባሽው አድራሻ ገና ያልሄድሽበት ቤት ነው። ዛሬ የምትኖሪው ቨርጂኒያ ነው። ውድብሪጅ ለመቆየት ከወሰንሽ የእህትሽን አድራሻ ማስገባት እውነት ነው እንጂ ውሸት አይደለም።

የመዝገብ ቤቷ
ጋሼ እንዳሉት ነው። ከቀጥተኛው ምክር ጋር ይመሳሰላል፣ ልዩነቱ በእውነት እዚያ መኖርሽ ነው። ያኔ ቅጹ ራሱ ሊቀርልሽ ይችላል። ግን ነገ ጠዋት አድቫይዘሯን ትተሽ በቀጥታ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ቢሮ ሂጂ፣ ስልክ አይደለም፣ በአካል። ዓርብን አትጠብቂ።

ቀጥተኛው
እኔ ስለው ውሸት፣ ጋሼ ሲሉት ሕግ።

ላስ ቬጋስ ሰፈር
ግራ የገባት፣ ዓርብ አለፈ እኮ። ምን ደረሰሽ? ዩሃሉ መጣ?

ቡና ጠጪ
ምጣዱን ፈትታው እንጀራ እየጋገረች ይሆናል።

ሂሩት ፊኒክስ
ሰላም፣ ይሄን ሳነብ ፈራሁ። እኔ ቨርጂኒያ አርኤን ነኝ፣ የኮምፓክት ላይሰንስ አለኝ። በሚቀጥለው ወር ፊኒክስ፣ አሪዞና ልዛወር ነው። ምን ላድርግ?

የቴክሳስ ልጅ
ኮምፓክት!

ሳምሪ አርኤን
አሁን እንኳን ልክ ነው። አሪዞና ኮምፓክቱ ውስጥ ናት። በያዝሽው ላይሰንስ ሥራ ጀምሪ፣ ከተዛወርሽ በ60 ቀን ውስጥ ግን ለአሪዞና ቦርድ አመልክቺ።