ከሰዓት የሚደበዝዝ ፕሮጀክተር፦ አምፖል ልቀይር?

ሰላም ወገኖች። ደሴ ውስጥ ኳስ የማሳይበት ቤት አለኝ፤ ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 8 ሜትር። ፕሮጀክተሩ ባለ 3200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፣ ያገለገለ ሆኖ ነው የገዛሁት። ማታ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ላይ ግን የማሊያው ቁጥር እንኳን አይነበብም፤ ሰማያዊና ጥቁሩ አንድ ይሆናል። ደንበኞቼ ዝም ብለው ወጥተው ሲሄዱ ማየት ያማል።

መስኮቱን በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ሸፈንኩ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ብርሃን ይገባል። ግድግዳውን ነጭ አስቀባሁ፣ ምስሉን ከ3 ሜትር ወርድ ወደ 2 ሜትር ተኩል አጠበብኩ። ከቁጠባ ሞድ ሳወጣው ማራገቢያው ጮኸ እንጂ ብዙም አልደመቀም። ሜኑው ላይ አምፖሉ የሠራበት ሰዓት 3900 ይላል። አምፖል ሲያረጅ ብርሃኑ እስከ ግማሽ እንደሚወርድ አውቃለሁ።

ለዚህ ክፍል 3200 ሉመን በአዲስ አምፖል ይበቃኛል ወይስ ገንዘቤን ለባለ 5000 ላጠራቅም?