የተዘጋብንን የእግር መንገድ እንዴት እናስከፍት?

የምኖረው በእንግሊዝ ገጠር ነው። ከመንደራችን ወደ ወንዙ የሚወስደው ጥንታዊ የእግር መንገድ በሽቦ ታጥሮ «የግል ይዞታ፤ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሎበታል። መንገዱ የሕዝብ መተላለፊያዎች በሚመዘገቡበት የአካባቢው መስተዳድር ሕጋዊ ካርታ ላይ አልሰፈረም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ መሠረት፣ ሕዝቡ በግልጽ፣ ሳያስፈቅድና ከልካይ ሳይኖር ለ20 ዓመት ከተመላለሰበት መንገዱ የሕዝብ እንደሆነ ይገመታል። ዘመኑ የሚቆጠረው መብቱ ጥያቄ ውስጥ ከገባበት ቀን ወደ ኋላ ነው። እኔ ለመንደሩ አዲስ ስለሆንሁ ምስክርነቴ አይበቃም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሄዱበት አዛውንቶች ደግሞ ከባለመሬቱ ጋር መቃቃርን ስለሚፈሩ የምስክርነቱን ቅጽ ለመሙላት ያመነታሉ። በአሮጌ የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ ብሔራዊ የካርታ ሥራ ድርጅት) ካርታ ላይ መንገዱን በተቆራረጠ መስመር ተስሎ ሳገኘው እጅግ ደስ አለኝ፤ ከግርጌው ግን መንገድ በካርታው መታየቱ የመተላለፊያ መብት ማስረጃ እንዳልሆነ ተጽፏል።

እንዲህ ያለ ጉዳይ የገጠማችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። በለንደን ኪው ከሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. የ1910ሩን ለግብር ሲባል የተዘጋጀ የመሬት ግመታ ካርታ ላስቀድም ወይስ አሥራት የሚከፈልበትን መሬት የሚያሳየውን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የአሥራት ካርታ? አዛውንቶቹንስ ሳላስጨንቅ ቃላቸውን እንዴት ልቀበል? እነርሱ በሕይወት ሳሉ መንገዱ በሕጋዊው ካርታ ላይ እንዲሰፍር የሚጠይቀውን ማመልከቻ ማስገባት እፈልጋለሁ።