ለትንሽ የማር ሱቅ የሚነበብ ጽሑፍ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ የማር ሱቅ ባለቤት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር አንዲት አነስተኛ የማር ሱቅ ከከፈትን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ማራችን በከፊል ከጎጃም፣ በከፊል ደግሞ ከካፋ ጫካ የሚመጣ ሲሆን፣ ከንብ አናቢዎቹ የምንረከበው ራሳችን ድረስ ሄደን ነው። ባለፈው ዓመት ትንሽ ድረ ገጽ አሠርተን በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ለማውጣት ወስነን ነበር። እስካሁን 14 ጽሑፎች ብናወጣም አንባቢ የላቸውም ማለት ይቻላል። በቴሌግራም ቻናላችን ዋጋ ስንለጥፍ ወዲያውኑ መልእክት ይደርሰናል፤ «የማር ጥቅሞች» ብለን በብዙ ድካም ያዘጋጀነውን ጽሑፍ ስናጋራ ግን አንድም ሰው አይጠይቀንም። ጽሑፎቹን ደጋግመን እናርማለን፤ የቋንቋ ስሕተት ያለባቸው አይመስለኝም። ስለ ምን ብንጽፍ፣ ምን ያህል ብናስረዝም፣ አንባቢውንስ እንዴት ብናነጋግር ይሻላል? ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ብትመክሩን እጅግ ደስ ይለናል።

መልስ፦ የሸማ ነጋዴ፣ ሽሮ ሜዳ

እህቴ፣ እኔም በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ። መጀመሪያ ላይ ስለ ባህል ልብስ ታሪክ ረጃጅም ጽሑፎች አወጣ ነበር፤ ያነበባቸው ሰው አልነበረም። ሁኔታው የተለወጠው ሱቁ ውስጥ አንድ ደብተር አስቀምጬ ደንበኞች የሚጠይቁኝን በራሳቸው አነጋገር መመዝገብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። «ጥለቱ ሲታጠብ ቀለም ይለቃል?»፣ «ጋቢው ስንት ድርብ ነው?»፣ «ለመልስ የሚሆን ቀሚስ ከስንት ቀን በፊት ልዘዝ?» የሚሉት ጥያቄዎች በየቀኑ ይመላለሱ ነበር። እያንዳንዱን ጥያቄ ርእስ አድርጌ፣ ለደንበኛው ቆሜ የምመልሰውን መልስ ጻፍኩት። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች ከማዘዛቸው በፊት እነዚያን ጽሑፎች አንብበው እንደሚመጡ ከጥያቄአቸው አውቃለሁ። እናንተም ለሁለት ሳምንት ያህል የምትጠየቁትን ብቻ ጻፉ፤ ደብተሩ ለብዙ ወራት የሚበቃ ርእስ ይሰጣችኋል።

መልስ፦ ለአነስተኛ ድርጅቶች ጽሑፍ የሚያርም

የቀደመው አስተያየት ትክክል ነው፤ እኔ በማር ላይ ምን እንደሚመስል ላሳይዎት።

ማር ሻጭ ሁሉ የሚያውቀው አንድ አቤቱታ አለ። ደንበኛው ማሩን ወስዶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመለስና «ማሩ ረግቷል፤ ስኳር ተቀላቅሎበታል» ይላል። ይህን የሚጠራጠር ሰው ማታ ቤቱ ሆኖ በስልኩ መልስ እንደሚፈልግ እርግጠኛ ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ መልሱን ያውቁታል። ማር በትንሽ ውሃ ውስጥ ብዙ ስኳር የያዘ ነገር ነው። ከስኳሮቹ አንዱ የሆነው ግሉኮስ ከፍሩክቶስ ይልቅ በውሃ የመሟሟት ዐቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ቀስ በቀስ እየተለየ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል፤ ግሉኮስ የበዛበት ማር ደግሞ ፈጥኖ ይረጋል። መርጋቱ በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፋጠናል፤ የአዲስ አበባ ቅዝቃዜም ለዚህ የተመቸ ነው። እንግዲህ መርጋት ብቻውን የመቀላቀል ማስረጃ አይደለም። ደንበኛው እንደ ፈሳሽ ሊጠቀምበት ከፈለገ ማሰሮውን ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል፤ እሳት ላይ መጣድ ግን መዓዛውን ያጠፋዋል። ይህን «ማሬ ለምን ረጋ?» በሚል ርእስ ቢያወጡት፣ ያ ደንበኛ ለሚቀጥለውም ጊዜ የሚያምነው የእናንተን ሱቅ ነው።

«የማር ጥቅሞች» የሚለውን ጽሑፍ አላየሁትም፤ ሆኖም በዚህ ርእስ የሚጻፉት አብዛኞቹ «ማር ከጥንት ጀምሮ በሰው ልጆች ዘንድ» ብለው ይጀምራሉ። እንዲህ ያለውን መግቢያ ማንኛውም ሻጭ ሊጽፈው ስለሚችል አንባቢው ከማን ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ አይሰማውም። እናንተ ግን ካፋ ድረስ ሄዳችሁ ቀፎው በረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ማሩም በገመድ ሲወርድ አይታችኋል። ነጩ ማር ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ እንደሚገኝ፣ የጎጃሙ ደግሞ አደይ አበባ ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር እንደሚቆረጥ ንብ አናቢዎቹ ነግረዋችኋል። አንባቢው ሌላ ቦታ የማያገኘው ይህንን ነው።

ጊዜውንም አስቡበት። በጥር ሰርግ ያለበት ቤት ጠጅ የሚጥለው ሳምንታት ቀድሞ ስለሆነ ማር መፈለግ የሚጀምረው በኅዳር ነው። ለጠጅ የሚሻለው ከነሰፈፉ ያለው ነው ወይስ የተጣራው? ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ የሚለው የተለመደ ልክ ለሁሉም ማር ይሠራል? እነዚህን የሚመልስ ጽሑፍ በጥር አጋማሽ ቢወጣ ሰርገኛው ጠጁን ጠጥቶ ጨርሷል።

ስለ ርዝመት የተወሰነ ልክ የለኝም፤ ጥያቄው ሲመለስ ጽሑፉ ያበቃል። በየሳምንቱ መጻፉ ግን እንደ እናንተ ላለ ሁለት ሰው ብቻ ለሚሠራበት ሱቅ ከባድ ነው፤ በወር አንድ በደንብ የታሰበበት ጽሑፍ ይበቃል። የቴሌግራም ፎቶ ከሥሩ የሚይዘው 1,024 ፊደል ያህል ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውንና የመልሱን ፍሬ ነገር እዚያ አስቀምጡና ዝርዝሩን ወደ ድረ ገጹ ምሩት። ቻናል ላይ የተለጠፈ ነገር በሳምንቱ በሌላ ልጥፍ ይሸፈናል፤ ድረ ገጹ ላይ ያለው ግን በፍለጋ ለሚመጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይቆያል።

ስለ አነጋገር ጠይቀዋል። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ እያለ ስለሚለይ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ያስፈልጋል። በ«እርስዎ» ተጀምሮ መሐል ላይ «ይህን ታውቃለህ?» የሚል ጽሑፍ አክብሮቱን ያጣል። ለሱቅ «እርስዎ» ወይም «እናንተ» ይስማማል። አጻጻፍም አለ፤ እርስዎ «ንጹሕ ማር» ብለው በትክክል ቢጽፉም ብዙ ሰው የሚፈልገው «ንፁህ ማር» ብሎ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ትክክለኛውን ይዘው፣ የተለመደውን አጻጻፍ ቢያንስ አንድ ቦታ ማስገባት አይጎዳም።

መልስ፦ የምግብ ጥራት ባለሙያ

በአጭሩ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ማር ይህን ወይም ያን በሽታ ያድናል ብላችሁ አትጻፉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከሕጉም በላይ አንድ ሕመምተኛ ጽሑፉን አምኖ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ጉዳቱ ከባድ ነው። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር መስጠት እንደማይገባ ግን በግልጽ ጻፉ፤ ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ባክቴሪያ በሕፃናት አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ንጹሑን ማር ከተቀላቀለው በክብሪት በመለኮስ ወይም ውሃ ውስጥ በመጣል መለየት ይቻላል የሚለውንም አትድገሙ፤ እነዚህ ዘዴዎች አስተማማኝ አይደሉም፤ በእርግጠኝነት የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ማሬ ለምን ረጋ?» የሚለው ጥያቄ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ቀርቦልናል፤ ሦስቱንም ጊዜ በቃል አስረድተን ስንሸኝ እንድንጽፈው አላሰብንም ነበር። «የማር ጥቅሞች» የሚለውን ግን ዛሬውኑ አነሣዋለሁ፤ ያድናል የሚሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አሉበት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የንብ አናቢዎቹን ፎቶና ስም ብናወጣ ነውር ይሆናል?

መልስ፦ ለአነስተኛ ድርጅቶች ጽሑፍ የሚያርም

ነውር የሚሆነው ሳይጠየቁ ሲወጣ ነው። በሚቀጥለው ጉዟችሁ ጽሑፉን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱና በሚረዱት ቋንቋ አንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ካለ ያርሟችኋል፤ ስማቸው እንዲቀር ከፈለጉም ይቅር። እግረ መንገዳችሁን ዘንድሮ ማሩ በዝቶ ወይም አንሶ እንደሆነ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ዋጋ ሲለወጥ ደንበኛው የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።