ለኦስቲን የምንልከው ሐሳብ፦ የመኪና አደጋ ሪፖርታችን

ሰብሳቢ፦ ሰላም ወገኖች። ፖሊስ በሚጽፈው የመኪና አደጋ ሪፖርት ላይ፣ ኦስቲን ላለው የቴክሳስ ምክር ቤት ተወካያችን የምንሰጠውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ምክር ቤቱ በጎዶሎ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ተከፍቶ ለ140 ቀን ብቻ ነው የሚቀመጠው። ረቂቅ ማስገባት የሚጀመረው ከዚያ በፊት፣ ኖቬምበር ላይ ነው። ካረፈድን ሁለት ዓመት መጠበቃችን ነው። በሉ ጻፉ፤ ፖለቲካ ግን ይቅርብን።

አባል፣ ከጋርላንድ (የኡበር ሹፌር)፦ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በተጋጨሁ ማግስት ስልኬ ማረፊያ አጣ። አንዱ ጠበቃ ነኝ ይላል፣ ሌላው ካይሮፕራክተር (ጀርባና አንገት በእጅ የሚያክም) ጋ እንውሰድህ ይላል። አንዱማ በአማርኛ «አይዞህ ወንድሜ» ብሎ ነው የጀመረው! ቁጥሬን ማን ሰጠው? ፖሊስ ሪፖርቱን ለውጭ ሰው ይዝጋልን። ፍሎሪዳ 60 ቀን ትዘጋለች ይባላል።

የሕግ ኮሚቴ፦ ወንድሜ፣ ፍሎሪዳ የምትዘጋው ለውጭ ሰው ነው። ለተጋጩት፣ ለጠበቆቻቸው፣ ለኢንሹራንስና ለሚዲያ በ60ው ቀን ውስጥም ይሰጣል። የኛ የቴክሳሱም ክፍት አይደለም። ሙሉውን ሪፖርት የሚያገኙት እንደ ሹፌሩ፣ የመኪናው ባለቤት፣ ኢንሹራንሱና ሚዲያው ያሉ በሕጉ የተዘረዘሩ ናቸው። ለሌላው ሰው የሚሰጠው ስም፣ አድራሻና ስልክ የወጣበትን ቅጂ ነው። ጠበቃም ሆነ ካይሮፕራክተር፣ ሳትፈልገው በ30 ቀን ውስጥ ደውሎ ደንበኛ ሁነኝ ቢልህ በቴክሳስ ወንጀል ነው። «ዝጉልን» ብለን ብንሄድ «ተዘግቷል እኮ» ብለው ነው የሚመልሱን።

አባል፣ ከጋርላንድ፦ ታዲያ እንዴት ደረሳቸው?

የሕግ ኮሚቴ፦ ጥያቄው እሱ ነው። ፖሊስ ሪፖርቱን ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ እስከ 10 ቀን ድረስ ነው የሚልከው። ላንተ የተደወለው በማግስቱ ነው። ምናልባት ሪፖርቱ ገና አልተጻፈም ነበር። መኪናህን የጎተተው ሰው ወይም ጋራዡ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉን በፖሊስ ላይ አናላክክ። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ሙሉውን ሪፖርት ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደወሰደው ባለጉዳዩ ማየት ይቻለው። የወሰደው ሰው ከታወቀ ክሱም መንገድ ያገኛል።

ነባር የታክሲ ሹፌር፦ ልጆች፣ ስልኩስ ይዘጋል። እኔን ያንገበገበኝ የተጻፈው ነው። ፖሊሱ ሲደርስ ሌላኛው ሹፌር እንግሊዝኛውን አንበለበለው። እኔ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም። ሪፖርቱን በ6 ዶላር ገዝቼ ሳነበው የሱ ወሬ ብቻ ነው ያለበት። ስሜም ተገለባብጧል፤ የአባቴ ስም ከፊት፣ የኔው ከኋላ። በስሜ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፤ በመንጃ ፈቃድ ቁጥሬ ነው የተገኘው።

አባል፣ ከሰሜን ዳላስ፦ ጋሼ፣ ይሄ የብዙዎቻችን ነው። ማስተካከልም የሚችለው የጻፈው ፖሊስ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወይ ፈረቃ ላይ አይደለም፣ ወይ «የጻፍኩትን ጽፌያለሁ» ይላል። ድሮ ፖሊስ ላልመጣበት አደጋ ሹፌሩ ራሱ የሚሞላው ሲአር 2 የሚባል ፎርም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ ማስቀመጡን ተወው። እኔ ብጠየቅ፣ ፖሊስ በመጣበትም ቢሆን የሹፌሩ ቃል በአንድ ገጽ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ እላለሁ።

የሕግ ኮሚቴ፦ በአማርኛ የተጻፈ ከሆነስ? «ትርጉሙን ማን ይከፍላል» ማለታቸው አይቀርም።

አባል፣ ከሰሜን ዳላስ፦ ትርጉሙን ባለጉዳዩ ያቅርብ። ቦታው ላይ ግን ፖሊሱ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኝ። ካላገናኘ ሪፖርቱ ላይ «ያለ አስተርጓሚ» ብሎ ይጻፍ። ይቺ ሳንቲም አታስወጣም።

ሰብሳቢ፦ ይቺን ወድጃታለሁ፤ ከፊት ትግባ። እንግዲህ ረቂቁ ላይ ቋንቋውና የሹፌሩ ቃል ይቅደም። ስም የሚጻፈው በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይሁን፤ ስህተት ካለም ፖሊስ በቁርጥ ቀን ይመልስ። ስንት ቀን የሚለው ላይ ገና አልተስማማንም። ማን እንደወሰደው ማየት የሚለው ይከተል። የ60 ቀኑን አውጥቼዋለሁ። የጋርላንዱ ወንድማችን ቅር አይበልህ፣ እንደተባለው የኛም ሪፖርት ለውጭ ሰው ዝግ ነው።

አባል፣ ከጋርላንድ፦ ይሁን። የደወሉልኝን ግን ልተዋቸው?

የሕግ ኮሚቴ፦ አትተው። ቁጥራቸውንና የደወሉበትን ሰዓት ከስልክህ ላይ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፤ አቤቱታውን አብረን እንጽፋለን።

ሰብሳቢ፦ የተበላሸ ሪፖርት ያላችሁ ሁሉ ቅጂውን እስከ እሁድ አምጡ። የሌላኛውን ሹፌር ስምና ስልክ ግን በጥቁር ሸፍኑት፤ እኛው የሰው ስልክ በታኝ እንዳንሆን።