በአዲስ መኪና ከፍራንክፈርት ሮም፣ የት የት እንረፍ?

ማሂ (ፍራንክፈርት)
ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የታናሽ እህቴ ሰርግ ሮም ነው፣ ከፍልሰታ በኋላ ባለው እሁድ፣ እና በመኪና ልንሄድ ወስነናል። መኪናዋ አዲስ ናት፣ የቤንዚን፣ ከተረከብናት ሶስት ሳምንት ሆናት ግን ገና 600 ኪሎ ሜትር ነው የሄደችው። አምስት ነን፣ እኔና ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጄ፣ የ4 ዓመት ሴት ልጄ፣ እና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ከተቀመጠች ስትነሳ በሩን ይዛ ትንሽ ቆማ ነው የምትራመደው፣ ብትጠየቅ ደሞ "ደህና ነኝ" ነው መልሷ። መንገዱ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቴ ማታ ወጥተን እየተቀያየርን ነድተን ጠዋት እንገባለን ይላል፣ እኔ ግን ለናቴ ፈራሁ፣ መጥታ ያየችው አገር ሁሉ ጨለማ እንዲሆንባትም አልፈልግም። ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት (በሀበሻ) መውጣት እንችላለን፣ አርብ ማታ ሮም መግባት አለብን። በስዊዘርላንድ ይሻላል ወይስ በኦስትሪያ በብሬነር? የት እንደር፣ የት እንቁም? አዲስ መኪና ይዞ ይህን ያህል መንገድ መሄድስ ችግር የለውም? እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አበበ ቢቂላ የሮጠበትን ቦታ ማየት።

ደሬ መካኒክ (ሽቱትጋርት)
እንኳን ደስ አላችሁ በመኪናዋም በሰርጉም። የመኪናዋን ልመልስልሽ። ረጅም መንገድ አዲስ መኪና አይጎዳም፣ የሚጎዳት አነዳዱ ነው። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ሞተሯ ገና አልተፍታታም፣ ስለዚህ አውቶባን ላይ ገደብ የለም ተብሎ 180 መርገጥ የለም፣ ጠዋት ተነስቶ ሳትሞቅ ደፍቆ መርገጥም የለም፣ ደሞ በአንድ ፍጥነት ክሩዝ ላይ አድርጎ ሶስት ሰዓት መሄድ አይመከርም፣ 110 ሂዱ 125 ሂዱ እንደገና ቀንሱ፣ ሞተሩ ይለማመድ። ቡክሌቱ ላይ ያንቺ መኪና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚል እዪው፣ ከኔ ይልቅ እሱን እመኚ።

ከሁሉ በላይ ግን የጎማ ንፋስ። የሹፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ (አንዳንዱ መኪና ነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ) ስቲከር አለ፣ ሁለት ዓይነት ቁጥር ታያለሽ፣ አንዱ ለሁለት ሶስት ሰው፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት። እናንተ አምስት ሰውና የሰርግ ሻንጣ ስለሆናችሁ የሙሉ ጭነቱን ነው የምትሞሉት፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ፣ ማለትም ጠዋት ሳትነዱ። አብዛኛው ሰው ይህን አያየውም፣ በነሐሴ ሙቀት የላላ ጎማ ይዞ ጣሊያን ይወርዳል። ስኮርታ ጎማ እንዳለሽም አሁኑኑ ክፈቺና እዪ፣ አሁን የሚወጡ ብዙ መኪኖች ስኮርታም ክሪክም የላቸውም፣ ማጣበቂያ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው ያለው። መንገድ ላይ በሌሊት ከምታውቁት ቤት ብታውቁት ይሻላል። አንጸባራቂ ጃኬት ለሁለታችሁም እጃችሁ በሚደርስበት ይሁን፣ ከሻንጣ ስር አይቀመጥ።

ሄለን (ሙኒክ)
ብሬነር ለኛ ሙኒክ ላለነው ነው፣ ካንቺ ግን ይዞራል። ከዛም በላይ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ብሬነር መንገድ ላይ ያለው የሉዌግ ድልድይ ጥገና ላይ ስለሆነ በብዛት በአንድ ሌን ነው የሚታለፈው። ለኦስትሪያ ቪኜት (የአውራ ጎዳና መጠቀሚያ ክፍያ) ትገዢያለሽ፣ ብሬነር ላይ ደሞ ሌላ ትከፍያለሽ። በስዊዝ ሂጂ።

የናሆም እናት (ሉሴርን)
ማሂዬ ባልሽን በኔ ስም እምቢ በይልኝ፣ ማታ መንዳቱ ይቅር፣ ከልጆችና ከእማማ ጋር አይሆንም። እኛ በየዓመቱ ይህን መንገድ እንሄዳለን፣ በሁለት አዳር ቆርጠን ነው የምንሄደው።

ረቡዕ በ10 ሰዓት ከወጣችሁ ፍራይቡርግ እደሩ፣ 270 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ቆማችሁ። ስዊዝ ገብታችሁ አትደሩ፣ ለአምስት ሰው ሆቴሉ የሰርጉን ስጦታ ነው የሚጨርስባችሁ። ፍራይቡርግ አሮጌው ከተማ ውስጥ በመንገዱ ዳር ጠባብ ቦዮች አሉ፣ ንጹህ ውሃ ይወርድባቸዋል፣ ልጆች ትንሽ የእንጨት ጀልባ በገመድ እየጎተቱ ከውሃው ጋር ይሮጣሉ። ጀልባዋን እዛው ሱቅ ግዢላቸው፣ እማማ ከካቴድራሉ አደባባይ ተቀምጣ ታያቸዋለች፣ ሰፈሩ ሜዳ ነው ደረጃ የለውም። መንገድ ላይ ኦይሮፓ ፓርክ የሚል ታፔላ ልጅሽ አይቶ ይጮሃል፣ እሱ ሙሉ ቀን የሚበላ የመጫወቻ ፓርክ ነው፣ ለሌላ ጊዜ ቃል ግቢለትና እለፉ።

ሐሙስ ግን በሌሊቱ 11 ሰዓት መኪና ውስጥ ሁኑ። ጎትሃርድ 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ አንድ ሌን ብቻ፣ በበጋ ሰልፉ ከበድ ይላል፣ እዚህ የምንለው አንድ ኪሎ ሜትር ሰልፍ አስር ደቂቃ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ብዙ አትቆሙም። ሰልፍ ካለ ደሞ በላይ በተራራው መንገድ መውጣት ይቻላል፣ በበጋ ክፍት ነው፣ 2,106 ሜትር ነው። እማማ ከፍታ ይከብዳታል ብለሽ እንዳትፈሪ፣ አዲስ አበባ ከዛ በላይ ናት! ቁልቁለቱን ስትወርዱ ግን በማርሽ ያዙት፣ ፍሬን ላይ ብቻ አትቁሙ።

ከዋሻው ወጥታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሜሊዴ ትደርሳላችሁ፣ ከሉጋኖ ቀጥሎ፣ አውራ ጎዳናው አጠገብ ስዊስሚኒያቱር የሚባል ቦታ አለ፣ የስዊዝ ቤተክርስቲያኖች ቤተመንግሥቶች ባቡሮች በ25 እጥፍ አንሰው ተሰርተው። ትንንሾቹ ባቡሮች በልጅሽ እግር አጠገብ ይሽከረከራሉ። ለናንተ ዋናው ማረፊያ ይህ ነው በኔ እይታ፣ ምክንያቱም ልጆቹ ይሮጣሉ፣ እናትሽ በጥላ ስር አግዳሚ ላይ ሐይቁን እያየች እግሯን ትዘረጋለች፣ ሁሉም በየፊናው ያርፋል።

ቪኜቱ 40 ፍራንክ ነው፣ የዓመት ብቻ ነው ያለው፣ አሁን በታርጋ ቁጥር ኤሌክትሮኒክ ይገዛል ስለዚህ አዲሱ መስታወትሽ ላይ መለጠፍ ግድ አይደለም። ከራሱ ከስዊዝ ጉምሩክ ፔጅ ግዢ፣ አስመስለው ጨምረው የሚሸጡ አሉ። ሳይኖርሽ ከተያዝሽ ቅጣቱ 200 ፍራንክ ነው፣ ቪኜቱም አይቀርልሽም። ስዊዝ የአውሮፓ ህብረት ስላልሆነች የስልክሽ ኢንተርኔት ሊያስከፍልሽ ይችላል፣ ካርታውን ቤት አውርጂው። ስንቅ ስትይዢ ስጋ በሰው 1 ኪሎ ነው የሚፈቀደው፣ ወጡ በልኩ ይሁን።

ማሂ (ፍራንክፈርት)
እግዚአብሔር ይስጥሽ የናሆም እናት፣ ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም አለ፣ ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው። እናቴ በሸንገን ቪዛ ነው ያለችው፣ ስዊዝ ችግር ይኖረው ይሆን? ደሞ ጣሊያን ገብቶ ያለውን ንገሩኝ እባካችሁ፣ እዛ ነድተን አናውቅም።

ሹፌሩ (ሚላኖ)
ስዊዝ ሸንገን ውስጥ ናት፣ ቪዛዋ እስከሰራ ድረስ ችግር የለም፣ ግን የሁላችሁም ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርዳችሁ በእጃችሁ ይሁን፣ የናትሽ የጉዞ ኢንሹራንስ ወረቀትም። ስትመለሱ ጀርመን ድንበር ላይ ሊፈትሹ ይችላሉ።

አሁን ጣሊያን። እኔ እዚህ ታክሲ ስነዳ 19 ዓመቴ ነው። ክፍያው ጋ ስትደርሱ ቢጫ ቴሌፓስ የሚለው ሌን ውስጥ አትግቡ፣ እሱ መሳሪያ ላላቸው ነው፣ ነጩን ወይ ሰማያዊውን ያዙ። ከሚላኖ ወደ ሮም ስትነሱ ቲኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ፣ እስከ ሮም ከ40 ዩሮ በላይ አስቡ። ነዳጅ ማደያ ሰርቪቶ የሚለው እነሱ ሲቀዱልሽ ነው፣ ይወደዳል፣ ፋይ ዳ ቴ የሚለው ጋ ራሳችሁ ቅዱ። ፍጥነት 130 ነው፣ ዝናብ ከጣለ 110፣ እና ካሜራው አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከዚህ እስከዛ ያለውን አማካይ ነው የሚለካው።

ከተማ ውስጥ ነጭ ክብ ምልክት በቀይ የተከበበ፣ ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ (ያለ ፈቃድ መኪና የማይገባበት ሰፈር) የሚል ካያችሁ አትግቡ። ስልኩ ግባ ቢልም አትግቡ። ካሜራ ነው፣ ማንም አያቆማችሁም፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል። እህቴ ከስቶክሆልም መጥታ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆቴል ስትፈልግ ሶስቴ ዞራ ሶስት ቅጣት ደርሷታል፣ ለየብቻ።

ሌላው፣ ማረፊያ ላይ ሁላችሁም አንዴ አትውረዱ። ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ ቡና ልጠጣ ብሎ አስር ደቂቃ ነው የቆየው፣ መስታወቱን ሰብረው የፓስፖርት ቦርሳውን ወሰዱት፣ አዲስ መኪና የውጭ ታርጋ ሩቅ ነው የሚታየው። አንድ ሰው መኪና ጋ ይቅር፣ በየተራ ግቡ። ቡና ስትጠጡ ካሸር ጋ መጀመሪያ ትከፍላላችሁ ከዛ ቲኬቱን ባር ላይ ትሰጣላችሁ። ለእማማ ማኪያቶ ብለሽ ካዘዝሽ ስኒዋ ትንሽ ናት፣ ወተቱ ከኛው ያንሳል፣ የለመደችውን ከፈለገች ካፑቺኖ በዪ።

ሚላኖ ላይ የሀበሻ ምግብ ካማራችሁ ፖርታ ቬኔሲያ ሰፈር ነው፣ ግን መኪናዋን ሳን ዶናቶ ሜትሮ ፓርኪንግ ትታችሁ በባቡር ግቡ። እውነቱን ከጠየቅሽኝ ግን እለፉት፣ ለጉልበት ህመምተኛ ደረጃው ብዙ ነው፣ ሮም ሰርግ ላይ እንጀራው ይጠብቃችኋል። ሐሙስ ማታ ፓርማ ወይ ሞዴና እደሩ፣ ከጎዳናው ቅርብ፣ ፓርኪንግ ያለው ሆቴል።

ሰብለ (ፊሬንዜ)
ማሂ፣ አርብ ጠዋት ከቦሎኛ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ዲሬቲሲማ የሚለውን ያዢ፣ በ2015 የተከፈተው አዲሱ ነው፣ ፓኖራሚካ የሚለው አሮጌው ነው፣ ጠመዝማዛ፣ ልጆች ያስመልሳቸዋል። ፊሬንዜን ማየት ከፈለጋችሁ ከተማ አትግቡ፣ ቪላ ኮስታንዛ የሚባል ፓርኪንግ አለ፣ ከአውራ ጎዳናው ሳትወጡ ቀጥታ ትገቡበታላችሁ፣ ከፓርኪንጉ ትራም ትይዛላችሁ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ እናትሽ ጉልበቷን ሳታነሳ ትሳፈራለች። ዞናውም ፓርኪንግ ፍለጋውም አይነካችሁም። ሁለት ሶስት ሰዓት በቂ ነው።

አርብ ስለሆነ እማማ ትጾማለች ብዬ ገመትኩ። ፒሳ ማሪናራ በዪላት፣ ቲማቲም ነጭ ሽንኩርት ኦሬጋኖና ዘይት ነው፣ አይብ የለበትም፣ እኔ በጾም የምበላው እሱን ነው። ከዛ ወደ ሮም 120 ኪሎ ሜትር ሲቀር ኦርቪየቶ አለች፣ ገደል ላይ ያለች ከተማ፣ መኪናውን ከታች ባቡር ጣቢያው ጋ አቁማችሁ በፉኒኮላሬ (በገመድ እየተሳበ ዳገት የሚወጣ ባቡር) ትወጣላችሁ። ከደከማችሁ ግን እለፏት።

አቤል (ሮም)
ለእማማ እኔ ልመልስ። መኪናዋን እንግድነት በምታርፉበት ቤት ትታችሁ በሜትሮ ቢ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ስትወጡ ፊት ለፊት የምታዩት ትልቁ ነጭ ህንጻ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ነው፣ ከፊቱ ያለው ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ላይ ነው የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው (በፈረንጅ)፣ በ2003 ፈርሶ በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። አሁን ሐውልቱ እዛ የለም፣ እኔ አለመኖሩን ለማየት ነው ሰው የምወስደው። አበበ በ1960 ማታ፣ በችቦ ብርሃን፣ በባዶ እግሩ በአፒያ መንገድ መጥቶ ከሞሮኮው ሯጭ ራዲ ተነጥሎ የወጣው እዛ አካባቢ ነው። ከዛ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ አስር ደቂቃ በቀስታ ስትራመዱ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ትደርሳላችሁ፣ የጨረሰው እዛ ስር ነው፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጥላ ያለው ዛፍ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት አድርጉት፣ ከዛ በኋላ ፀሐዩም ሰዉም አይቻልም።

ማሂ (ፍራንክፈርት)
እናቴ ጋ ቁጭ ብዬ የአቤልን አነበብኩላት፣ "ባዶ እግሩን የሄደበትን እኔ በጫማ ያቅተኛል እንዴ" አለችና ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። በቃ ወሰንን፣ ረቡዕ ፍራይቡርግ፣ ሐሙስ ሌሊት ተነስተን ሜሊዴ፣ አዳር ሞዴና፣ አርብ ቪላ ኮስታንዛ፣ ኦርቪየቶን እንደ እናቴ ጉልበት እናያለን። የጎማውን ስቲከርም አገኘሁት፣ በተባለው ቦታ ነው። ስኮርታ ግን የለንም፣ ፈሳሹ ብቻ ነው።

ደሬ መካኒክ (ሽቱትጋርት)
ፈሳሹ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ጎማው ጎኑ ከተቀደደ አትሞክሩት፣ የእርዳታ መኪና ጥሩ። ሻጩ ለአዲስ መኪና የመንገድ እርዳታ ሰጥቷችሁ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱን አውጥተሽ ጣሊያንና ስዊዝን ይጨምር እንደሆነ እዪ፣ ቁጥሩን ሁለታችሁም ስልክ ላይ ያዙት። ደሞ ሮም ሻንጣውን አራግፋችሁ በከተማ ሁለት ሶስት ቀን የምትነዱ ከሆነ ንፋሱን ወደ ትንሹ ቁጥር መልሱት፣ ለመመለሻ ጭናችሁ ስትነሱ እንደገና ሙሉ።