«ቁጥር አይዋሽም»፦ የካንሰር ሐኪም በሳይቴሽን ይመዘናል?

ነገር አብራጅ፦
ትናንት ማታ በቀጥታ ስርጭት አንድ የካንሰር ስፔሻሊስት እንግዳ ሆነው ቀርበው ነበር። አስተዋዋቂው ገና ከመጀመሩ ቁጥር ውስጥ ገባ። የጽሑፎቻቸው ብዛት፣ የሳይቴሽኑ ብዛት (ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሷቸው)፣ ኤች ኢንዴክሳቸው (የጽሑፍንና የሳይቴሽንን ብዛት በአንድ ቁጥር የሚያጣምረው መለኪያ)፣ ያሳተሙባቸው ጆርናሎች ኢምፓክት ፋክተር (የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ)። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ቁጥር አይዋሽም፣ ከእኚህ የተሻለ የካንሰር ሐኪም የለም» ብሎ አረፈው። ምን እንዳገኙ የጠየቀ የለም። የትኛውን ካንሰር እንደሚያክሙ እንኳን ሳልሰማ ፕሮግራሙ አለቀ። የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ?

ላብራቶሪ፦
አንተ ብቻ ነህ። በምን እንዲያስተዋውቃቸው ፈለግህ? በደግነታቸው? ሳይቴሽን ማለት ጨርሶ የማያውቅህ ተመራማሪ ሥራህን አንብቦ ተጠቅሞበታል ማለት ነው። ዘመድህ አይደለም፣ ጓደኛህ አይደለም። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይምጣ? ሰውየው ትክክል ነው፣ ቁጥር አይዋሽም።

ተረኛው፦
«አንብቦ» ነው ያልሽው? ሳቄን አመጣሽው። ስንቱ ነው ከአጭር ማጠቃለያው፣ ከአብስትራክቱ፣ አልፎ የሚያነበው? እገሌ ጠቅሶታል፣ እኔም ልጥቀሰው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።
ምሳሌ ልስጥሽ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የሚያሳትመው ሲኤ የሚባለው ጆርናል የ2023 ኢምፓክት ፋክተሩ ከ500 በላይ ነው። ታላቁ የሕክምና መጽሔት ኒው ኢንግላንድ ጆርናል እንኳን በዚያው ዓመት 100 አልሞላም። ታዲያ ሲኤ አምስት እጥፍ ካንሰር አዳነ? በየጊዜው የካንሰር ስታቲስቲክስ ያወጣል፣ አለቀ። የስንቱ የካንሰር ጽሑፍ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «በ2020 በዓለም ላይ 19.3 ሚሊዮን አዲስ ታማሚ ተመዝግቧል» ነው? ከጎኑ ያቺው አንዲት ጽሑፍ ትጠቀሳለች። የመግቢያ ማሟያ ናት።

ላብራቶሪ፦
እና ያንን 19.3 ሚሊዮን የቆጠሩት ሰዎች አልሠሩም? እነሱ ባይቆጥሩ አንተ ስለምን ታወራ ነበር? ምሳሌህ ለእኔ ነው የመሰከረው። ሁሉም የሚያስፈልገውን ነገር ሠሩ፣ ሁሉም ጠቀሳቸው።

ሒሳብ ወዳጅ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ላስገባ። ኤች ኢንዴክስን በ2005 ያመጣው ሒርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። ሐሳቡ የፊዚክስ ባልደረቦቹን ለማወዳደር ነበር። ቁጥሩ ደግሞ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ሰው ሥራ ቢያቆም ይጨምራል፣ ቢሞትም ይጨምራል። ሒርሽ ራሱ በ2020 መለኪያው ያላሰበውን ጉዳት ማምጣቱን ጽፏል። ኢምፓክት ፋክተሩም ቢሆን ፈጣሪው ጋርፊልድ ሲያወጣው ጆርናልን ከጆርናል ለማመዛዘን ነበር። ቤተ መጻሕፍት የትኛውን ልግዛ ብሎ ሲያስብ ያየዋል። ለሰው አልተሠራም።

ዝምተኛው፦
ጋሼ፣ ሞቶም የሚያድግ ነገር ካለማ እኔም ልጀምር።

ነገር አብራጅ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ላብራቶሪ፣ አንቺ ደግሞ ይህን መልሺልኝ። ፔይተን ረውስ የዶሮን ዕጢ ቫይረስ እንደሚያስተላልፈው ያሳየው በ1911 ነው። ኖቤል ያገኘው በ1966። 55 ዓመት! በመሃል በሳይቴሽን ብትመዝኚው «ይህ ሰውዬ ምን ሠራ?» ትዪ ነበር። ዙር ሃውዘን የተባለው ተመራማሪም የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው የኪንታሮቱ ቫይረስ ዘመድ ነው ሲል ሌላው ሁሉ ሄርፒስ የሚባል ሌላ ቫይረስ ላይ አተኩሮ ነበር። በ2008 ኖቤሉን ሲወስድ ግን ክትባቱ ገበያ ላይ ወጥቷል።

ላብራቶሪ፦
ረውስ፣ ረውስ፣ ረውስ! በዚህ ነገር በተከራከርን ቁጥር ረውስን ከመቃብር ትጎትቱታላችሁ። ያልተሰማ ሁሉ ረውስ አይደለም። ብዙው ያልተሰማው ስለተሳሳተ ነው።
ደግሞ የሚመቻችሁን ብቻ አትምረጡ። ስላሞን የሚባል ተመራማሪ በ1987 «ሳይንስ» በተባለው ጆርናል ላይ ያወጣውን ውሰዱ። ኸር ቱ የሚባለው ጂን የበዛባቸው የጡት ካንሰር ታማሚዎች ካንሰሩ ቶሎ እንደሚመለስባቸው አሳየ። ዓለም ጠቀሰው። በ1998 ይህንኑ ኸር ቱ የሚመታው መድኃኒት ትራስቱዙማብ ጸደቀ። ሳይቴሽኑም መጣ፣ መድኃኒቱም መጣ። አልዋሸም፣ አይደል?

ተረኛው፦
እሺ፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲንስ? በ2006 ኔቸር ሜዲስን በሚባለው ጆርናል ላይ አኒል ፖቲና ባልደረቦቹ የዕጢውን ጂኖች አይተን የትኛው ኬሞ እንደሚሠራ እንነግራችኋለን አሉ። ጭብጨባ፣ ሳይቴሽን፣ ሽልማት። ባገርሊና ኩምብስ የሚባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሰዎች ዳታውን ከፍተው አዩት። ሰንጠረዡ ላይ የጂኖቹ ስም በአንድ ረድፍ ተንሸራቷል። ከአንዱ ጂን ስም ፊት የሌላው ጂን ቁጥር ተቀምጧል! ሌላ ቦታ ደግሞ ለመድኃኒቱ የሚሸነፈውና የማይሸነፈው ተገላብጧል። ይህ እየተባለ በዚያ ስሌት ለእውነተኛ ታማሚ ኬሞ የሚመርጡ ሙከራዎች ተጀምረው ነበር። የቆሙት በ2010 ነው። የዚያን ጊዜ ቁጥሩ ምን ይል ነበር መሰለሽ? «ከእኚህ የተሻለ የለም» ነው የሚለው።

ላብራቶሪ፦
ያጋለጠው ማን ነው? ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ጽሑፍ አሳትመው። በአንድ አጥፊ ሁሉን ካማሁ ተረኛ ሐኪም ሁሉ ይተኛል ልልህ ነው።

ሒሳብ ወዳጅ፦
የኔ ልጅ፣ አንድ ሰው ብቻ ቢሆንማ በጀ። በ2012 ከአምጀን ኩባንያ የወጣውን አስታውሺ። ትልልቅ የተባሉ 53 የካንሰር ጥናቶችን ለመድገም ሞክረው ውጤቱ የተረጋገጠላቸው 6ቱ ናቸው። ቀሪዎቹ ሁሉ ሌባ ናቸው አልልም። ግን ሲጠቀሱ ኖረዋል።

ላብራቶሪ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። የትኞቹ 53 እንደሆኑ ዝርዝሩን አልሰጡም እኮ። ማን ያጣራው? ደግሞ ያ ጽሑፍ ራሱ በሺዎች ጊዜ ተጠቅሷል። እርስዎም አሁን ጠቀሱት። ቁጥር አይታመንም ለማለት 53 እና 6 ይዘው መጡብኝ።

ዝምተኛው፦
ይቺን ወደድኳት። አንድ ለላብራቶሪ።

ተረኛው፦
ዝምተኛው፣ ወይ ዝም በል ወይ ስምህን ቀይር።

መሃል ስም፦
እኔ ልናገር፣ ሳነብ ቆይቻለሁ። ሁላችሁም «ሠራ፣ አሳተመ» ትላላችሁ። ማን ነው የሠራው? ሁለት ዓመት የአንድ ሙከራ ዳታ ሰብሳቢ ነበርኩ። ታማሚው ለቀጠሮ ሲቀር እደውላለሁ። ዘመድ ያነሳል። «ይቅርታ፣ ለክትትል ነው፣ እንዴት ናቸው?» እላለሁ። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ ቀኑን ብቻ ነግሮኝ ይዘጋል። ቀኑን ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። ጽሑፉ ላይ የምታዩት የሰርቫይቫል ግራፍ፣ ስንት ታማሚ በሕይወት እንዳለ የሚያሳየው፣ ደረጃ በደረጃ የሚወርደው በዚያ ነው። ስሜ መሃል ላይ አለ፣ ከስንት ሰው ጋር። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው የክፍሉ አለቃ ረቂቁን ማንበቡን እጠራጠራለሁ። ሳይቴሽኑ ግን የእሱ ተብሎ ነው የሚነገረው።

ላብራቶሪ፦
ለዚህ ደንብ አለ እኮ። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርት አውጥቷል። በሐሳቡ ወይም በዳታው የተሳተፈ፣ የጻፈ ወይም ያረመ፣ የመጨረሻውን ያጸደቀ፣ ተጠያቂነት የወሰደ። አራቱንም ያላሟላ ደራሲ አይባልም። ለምን አላመለከትሽም?

መሃል ስም፦
ለማን? ለአለቃው?

ተረኛው፦
ኧረ በናትሽ ላብራቶሪ! «ለምን አላመለከትሽም» ይባላል?

ላብራቶሪ፦
ተረኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ስንት ጽሑፍ አለህ?

ተረኛው፦
ሁለት።

ላብራቶሪ፦
ገባኝ።

ተረኛው፦
ምኑ ነው የገባሽ? ቅናት ነው ለማለት ነው? ሌሊቱን ታማሚ ሳይ ነው የማድረው። ኬሞ ከወሰደ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ሲመጣ ነጭ የደም ሴሉ ሳይወርድበት አልቀረም ብዬ አንቲባዮቲክ ላስጀምር ወይስ ሪቪው (የሌሎችን ጥናቶች የሚያጠቃልል ጽሑፍ) ልጻፍ? ለእሱ ሳይቴሽን የለውም።

ሒሳብ ወዳጅ፦
ተዉ እንጂ ልጆች፣ ወደ ሰው አትሂዱ። ቁጥር ሰውን ሲያነሳ አይተናል፣ ሲጥልም አለ። በርናርድ ፊሸር ጡት ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም እንደሚቻል ያሳየ ሰው ነው። የ1985ቱ ጥናት ስንት ሴት ከሙሉ ቆረጣ አዳነ! በኋላ በጥናቱ ከተሳተፉት ሆስፒታሎች በአንዱ የሚሠራ ሐኪም ዳታ አጭበርብሮ ተገኘ። በ1994 ፊሸርን ከኃላፊነት አነሱት። በመረጃ ቋት ውስጥ ጽሑፎቹ አጠገብ የማጭበርበር ምልክት ተለጠፈ። የዚያ ሐኪም ዳታ ወጥቶ እንደገና ሲሰላ ውጤቱ ያው ሆነ። በ1997 ነጻ ነው ተብሎ ይቅርታ ተጠየቀ።

ነገር አብራጅ፦
እና ይህ ለማን ነው የሚመሰክረው?

ሒሳብ ወዳጅ፦
ለማንም። ትዝ አለኝና ነው።

ተረኛው፦
እኔ ግን አልጨረስኩም። ቤቫሲዙማብ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ውሰዱ። ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ፓክሊታክሰል ከሚባለው ኬሞ ጋር ሲሰጥ ዕጢው ሳያድግ የሚቆይበት ጊዜ ከ5.9 ወር ወደ 11.8 ወር ከፍ አለ ተባለ። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ላይ ወጣ። በ2008 አሜሪካ አጸደቀችው። ታማሚዎቹ ግን ረዘም ላለ ጊዜ አልኖሩም። በ2011 ለጡት ካንሰር የተሰጠው ፈቃድ ተነሳ። ሳይቴሽኑስ ተነሳ? ወይ ፍንክች። እዚያው ተደርድሮ ለደራሲዎቹ ይቆጠራል።

ላብራቶሪ፦
ጥናቱ መቼ ዋሸ? «ዕድሜ አልጨመረም» የሚለውም እዚያው ጽሑፍ ላይ አለ። የቸኮለው ፈቃድ ሰጪው ነው።

መሃል ስም፦
ደግሞ ተረኛው፣ ስድስት ወር ዕጢ ሳያድግ መቆየትን እንዲህ አታጣጥለው። ስልኩን ያነሱልኝ ሰዎች እንደዚያ አይሉም ነበር።

ተረኛው፦
አላጣጣልኩም። መድኃኒቱ የሚያመጣውን የደም ግፊትና የደም መፍሰስም ጨምሪበት ነው ያልኩት።

መሃል ስም፦
አላልክም። አሁን ነው ያልከው።

ነገር አብራጅ፦
በቃ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። የእንግዳውን ዝርዝር ክፈቱ። ሪቪውን አውጡ። ራሳቸውን የጠቀሱበትን አውጡ። ስማቸው አንደኛ ወይም መጨረሻ የሆነበትን ብቻ ቁጠሩ። ከዚያ ስንቱ የሕክምና መመሪያ ውስጥ እንደገባ እዩ። ላብራቶሪ፣ ትስማሚያለሽ?

ላብራቶሪ፦
በየትኛው የሳይቴሽን ቆጣሪ? ጉግል ስኮላር፣ ስኮፐስ ወይስ ዌብ ኦቭ ሳይንስ?

ተረኛው፦
ልዩነት አለው እንዴ? ቁጥር አይዋሽም አላልሽም?

ላብራቶሪ፦
ጉግል ስኮላር መመረቂያውንም ምኑንም ስለሚቆጥር ይበዛል። ይህን የማያውቅ ሰው ነው ስለ ሳይቴሽን የሚያስተምረኝ?

ዝምተኛው፦
ስለዚህ ሐኪሙ ሦስት ናቸው።

ላብራቶሪ፦
ሦስቱም ካንተ ይበልጣሉ።

መሃል ስም፦
ቆይ ቆይ፣ ነገር አብራጅ። «አንደኛ ወይም መጨረሻ ብቻ» ያልከውን እንደገና አንብበው። እኛን መሃል ያለነውን ልትሰርዘን ነው?

ነገር አብራጅ፦
አንቺን ማለቴ አይደለም እኮ።

መሃል ስም፦
ማንን ነው ታዲያ?